የብረት ትራስ፤ ስለ ኩሽኔታ ታሪክና ስለ አመራረጡ

ከእጅ ሥራ ክፍል ተማሪዎች

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ወቅት ጓደኞቻችን ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ጦርነቶች ብዙ የሚጠቅም ነገር ጽፈዋል። እኛ የእጅ ሥራ ክፍል ተማሪዎች ግን ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ታሪክ ልንጽፍ ወደናል። ዕቃው ከመዳፍ አይበልጥም፤ ቅባት ስለማይለየው ማንም በክብር ቦታ አያስቀምጠውም፤ ሥራውን በደኅና በሚሠራበት ጊዜም መኖሩን የሚያስታውሰው የለም። ይህም ዕቃ ኩሽኔታ ነው። ይህን ለምን እንደ መረጥን አንባቢ ቢጠይቀን መልሳችን ቀላል ነው፤ ባለማወቃችን የወላጆቻችንን ገንዘብ ስላባከንንበት ነው። ስሕተታችንን ሸሽገን ታሪኩን ብቻ ብንጽፍ ጎበዝ ተማሪዎች መስለን በታየን ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ በኋላ የሚመጡት ያንኑ ስሕተት ይደግሙታል።

ኩሽኔታን በልጅነቱ የማያውቅ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኩሽኔታ ለምነን፣ በሳንቃ ላይ ገጥመን፣ በላዩ ተቀምጠን ቁልቁለቱን በታላቅ ጩኸት የወረድን ብዙዎች ነን። የስሙን ትርጉም ግን የነገሩን መምህራችን ናቸው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያም ቋንቋ «ኩሺኔቶ» ማለት ትንሽ ትራስ ማለት ነው። የደከመው ሰው ራሱን በትራስ ላይ እንደሚያሳርፍ ሁሉ፣ የሚሽከረከር የብረት ዘንግም ሸክሙን በኩሽኔታ ላይ ያሳርፋል። ለእንግዳ ትራስ የሚያቀርብ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የእንግዳውን ሁኔታ ይመለከታል እንጂ የትራሱን ጨርቅ ማማር ብቻ አይቶ አያቀርብም። እኛ የሳትነው ይህንኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ሞተራችንና ስሕተታችን

በትምህርት ቤታችን ግቢ ለአትክልቱ ቦታ ውሃ የሚስብ አንድ ትንሽ የቤንዚን ሞተር አለ። ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ለዚህ በዓል መታሰቢያ እንዲተከሉ የተዘጋጁት ችግኞች የሚጠጡት በዚሁ ሞተር የሚሳበውን ውሃ ነው። ሞተሩ ካረጀ በኋላ ማጉረምረም ጀመረ፤ የሚዞረውን ዘንግ በእጃችን ስንነቀንቀውም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ነበር። ስለዚህ መምህራችን ፈቅደውልን ፈታነው።

ሥራውን ለማያውቁ ታናናሾቻችን በአጭሩ እናስረዳ። በሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚን ሲቃጠል ፒስተን ወደ ታች ይገፋል። ቢየላ የሚባለው ክንድ ይህን ግፊት ተቀብሎ ወደ ክራንክ ሻፍት ያደርሳል፤ ክራንክ ሻፍት የተባለው ጠማማ ዘንግ ደግሞ የፒስተኑን ምልልስ ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል። ባለ አራት ምት የሆነ ትንሽ ሞተር በደቂቃ 3,600 ጊዜ በሚዞርበት ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ በየሰኮንዱ 30 ጊዜ ፍንዳታ ይሆናል። ይህ ሁሉ ምት በመጨረሻ የሚያርፈው በኩሽኔታዎቹ ላይ ነው። በእኛ ሞተር ክራንክ ሻፍቱ በግራና በቀኝ በሁለት ባለ ኳስ ኩሽኔታዎች ላይ ተቀምጧል፤ ሁለቱም አልቀው ነበር።

ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ አዲስ ልንገዛ ሄድን። አሮጌውን በጥንቃቄ ለክተናል፤ የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጩ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። በጎኑ ላይ 6205 የሚል ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩም በኋላ «ሲ 3» የሚል ምልክት ተከትሎታል። የገዛነው አዲሱ ኩሽኔታ መጠኑም ቁጥሩም ልክ ነበር፤ «ሲ 3» የሚለው ምልክት ግን አልነበረበትም። መምህራችን ምልክቱን ሁሉ አመሳክሩ ብለውን ሳለ፣ እኛ የፋብሪካ ጌጥ ነው ብለን ናቅነው። ከዚህም በላይ አዲሱ በእጅ ሲነካ ከቶ ውዝዋዜ ስለሌለው ከሌላው የተሻለ መሰለን፤ ዋጋውም ቀነስ ያለ ስለ ነበረ ደስ ብሎን ተመለስን።

ሞተሩን ገጥመን ባስነሣነው ጊዜ ድምፁ አማረ። ተጨባበጥን። በሁለተኛው ቀን ግን ከበድ ያለ ፉጨት መጣ፤ በሦስተኛው ቀን የኩሽኔታው ቤት እጅ የማያስነካ ሆኖ ጋለ፤ ዘንጉም በግድ ይዞር ጀመር። አጥፍተን ሲበርድ እንደገና ቀለል ብሎ ዞረ። ሁለተኛ ስንፈታው የኳሶቹ መንገድ በሙቀት መልኩን ለውጦ አገኘነው፤ ሁለቱም ኩሽኔታዎች አገልግሎት ሊሰጡ አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የታችኛው ክፍል ልጆች ለችግኞቹ ውሃ በባልዲ ሲያመላልሱ እኛ አንገታችንን ደፍተን እናያቸው ነበር፤ በኋላም ባልዲውን ተቀብለን አብረናቸው ተሸከምን።

መምህራችን አልተቈጡንም። «ኩሽኔታውን ገዛችሁ፤ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደ ተሠራ ግን አልጠየቃችሁም» አሉን። ከዚያ በኋላ ሌላ ኩሽኔታ ከመግዛታችን በፊት ታሪኩን እንድናጠና አዘዙን። ያጠናነውም የሚከተለው ነው።

ከእንስሳ ስብ እስከ ብረት ኳስ

ሁለት ነገሮች ተነካክተው ሲንሸራተቱ ሰበቃ ይፈጠራል፤ ሰበቃም ሙቀትን ያመጣል፤ የተነካኩትንም ነገሮች ይበላቸዋል። የጥንት ጋሪ ሠሪዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። የእንጨት መንኰራኵር በእንጨት ዘንግ ላይ ሲዞር እንዳይጮኽና እንዳይቃጠል የእንስሳ ስብ ይቀቡት ነበር። ይህ ዘዴ እጅግ ብዙ ዘመን አገልግሏል።

ከማንሸራተት ይልቅ ማንከባለል እንደሚቀልም ሰው ያወቀው ከጥንት ነው። ከሮማ ከተማ አጠገብ ባለው በኔሚ ሐይቅ ውስጥ፣ ከ37 እስከ 41 ዓመተ ምሕረት በነገሠው በቄሣር ካሊጉላ ዘመን የተሠሩ ሁለት ታላላቅ መርከቦች ሰጥመው ይኖሩ ነበር። ከ1929 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት የሐይቁ ውሃ ተቀንሶ መርከቦቹ ሲወጡ፣ በነሐስ ኳሶች ላይ የሚዞር የእንጨት መድረክ ስብርባሪ ተገኘ። መርከቦቹ በ1944 በእሳት ወደሙ፤ በኳስ ላይ የመሽከርከር ሐሳብ ግን ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው መስክረው አልፈዋል።

በ1490ዎቹ ዓመታት ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ኳሶች እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ እየለያየ የሚይዝ ኩሽኔታ በሥዕል አስቀምጦ ነበር። ያ ጽሑፍ ግን በማድሪድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቦታው ተረስቶ ቆይቶ የተገኘው በ1960ዎቹ ዓመታት ነው። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን በ1740 ጀምሮ 19 ዓመት በደከመበት በሦስተኛው የባሕር ሰዓቱ ውስጥ በማቀፊያ የተያዙ ተንከባላዮችን አስገባ። በ1794 ደግሞ በዌልስ አገር ፊሊፕ ቮን የተባለ ሰው በሠረገላ ዘንግ ዙሪያ ኳሶችን ስለ ማስገባት የባለመብትነት ማረጋገጫ ወሰደ።

እንግዲህ ሐሳቡ ይህን ያህል ከቆየ ዓለም ሁሉ ወዲያው ለምን አልተጠቀመበትም? ምክንያቱ እኩል የሆኑ ኳሶችን የሚሠራ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። በቃሬዛ በሽተኛ ሲወሰድ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከሌሎቹ በቁመት ቢበልጥ ሸክሙ በእርሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በኩሽኔታም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ አንዲት ኳስ ከእኅቶቿ በጥቂት ብትተልቅ ጭነቱን ብቻዋን ተሸክማ ትሰበራለች። መልካም ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚፈጽመው እጅና መለኪያ ያስፈልገዋል።

ለስላሳው ጠንካራውን የሚጠብቅበት ዘዴ

ኳሱ እስኪሠራ ድረስ የእንፋሎት መኪናዎችና የባቡር መንኰራኵሮች ሥራቸውን ሊያቆሙ አልቻሉም። የእነርሱን ችግር ያቃለለው አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት ነው። ይህ ሰው በ1839 ቆርቆሮ፣ አንቲሞኒና መዳብ የተቀላቀሉበትን ለስላሳ ማዕድን በኩሽኔታ ውስጥ ስለ ማፍሰስ ማረጋገጫ ወሰደ። በስሙ ከሚጠሩት ድብልቆች በታወቀው ውስጥ ከመቶው 89 ያህሉ ቆርቆሮ ነው።

በመጀመሪያ ይህን ስንሰማ ገረመን። ከባድ የብረት ዘንግ የሚሸከም ነገር ከዘንጉ ይልቅ መጠንከር ይገባዋል ብለን እናስብ ነበርና። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱም እኩል ቢጠነክሩ በመካከላቸው የገባ አሸዋ ሁለቱንም ይፍቃቸዋል፤ ዘይት ባነሰ ጊዜም ይነካከሱና ይጣበቃሉ። አንዱ ለስላሳ ሲሆን ግን አሸዋው በለስላሳው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፤ ዘንጉም ይድናል። ጉዳት መድረሱ የማይቀር ከሆነ የሚጎዳው በርካሽ የሚለወጠው ትራስ እንጂ በብዙ ገንዘብ የሚገዛው ዘንግ አይደለም። ዛሬም በመኪና ሞተር ውስጥ መካኒኮች ብሮንዚና የሚሉት ሁለት ግማሽ ክብ ቅርፊት የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። በፎርድ «ሞዴል ቲ» መኪና ዘመን፣ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ፣ ማዕድኑ ቀልጦ በቦታው ይፈስስና ሠራተኛው በእጁ እየፋቀ ከዘንጉ ጋር ያስማማው ነበር። በኋላ ግን ተነሥቶ የሚለወጥ ስስ ቅርፊት ተስፋፋ።

ስለ ዘይት የተገኘውን ምሥጢር ደግሞ ሳንነግራችሁ አናልፍም። በ1883 በእንግሊዝ አገር ቦሻም ታወር የተባለ መሐንዲስ የባቡር ዘንግ ኩሽኔታዎችን ይመረምር ነበር። ዘይት እንዲገባበት ብሎ በኩሽኔታው አናት ላይ ቀዳዳ አበጀ። ዘንጉ ሲዞር ግን ዘይቱ በመግባት ፈንታ ከታች እየተገፋ በቀዳዳው ወጣ። በቡሽ ደፈነው፤ ቡሹ ተፈናጠረ። በእንጨት ደፈነው፤ እንጨቱም ወጣ። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ አሰረበት፤ መርፌውም እስከ 200 ፓውንድ በኢንች ካሬ የሚያሳየውን መለኪያ አልፎ ሄደ፤ ጭነቱ ግን በአማካይ 100 ያህል ብቻ ነበር። ከዚህ የታወቀው ነገር የሚደንቅ ነው። ዘንጉ በሚሽከረከርበት ጊዜ ዘይቱን ራሱ ወደ ጠባቡ ቦታ እየጎተተ ያስገባዋል፤ የገባውም ዘይት ዘንጉን አንሥቶ ያንሳፍፈዋል። ስለዚህ በደኅና በሚሠራ ሞተር ውስጥ ብረት በብረት ላይ አይዞርም፤ በመካከል ያለ ስስ ዘይት ሁሉን ይሸከማል። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ የተባለው ሊቅ በ1886 ይህን በሒሳብ አስረዳ።

እንግዲያውስ በዘንጉና በብሮንዚናው መካከል ክፍተት የሚተወው ለዘይቱ ቤት እንዲሆነው ነው። ክፍተቱ እጅግ ከጠበበ ዘይት አይገባም፤ እጅግ ከሰፋም ዘይቱ ይፈስሳል፣ ግፊቱም ይወድቃል። የመካኒኮች ልማድ ለ50 ሚሊ ሜትር ዘንግ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት ከሺህ አንድ እጅ መተው ነው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የሞተሩ ሠሪ በመጽሐፉ የጻፈው ልክ ነው።

ብስክሌት፣ የፈትል ፋብሪካና ጦርነት

ወደ ኳሱ እንመለስ። ለኳስ ኩሽኔታ ታላቅ በር የከፈተለት ብስክሌት ነው። ፈረንሳዊው ዡል ሱሪሬ በ1869 ለብስክሌት መንኰራኵር የሚሆን ባለ ኳስ ኩሽኔታ አወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር 7 ቀን ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው እሽቅድምድም ጄምስ ሙር የተባለ ጋላቢ ይህን ኩሽኔታ በያዘ ብስክሌት አንደኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ ብስክሌት የሚነዳው በሰው ጉልበት ብቻ ስለ ነበረ፣ ሰበቃ የሚሰርቀውን ጉልበት ከማንም ይልቅ የጋላቢው እግር ያውቀው ነበር።

በ1883 በጀርመን አገር በሽዋይንፉርት ከተማ ፍሪድሪክ ፊሸር ብዙ ኳሶችን በአንድ ጊዜ እኩልና ክብ አድርጎ የሚሞርድ መኪና ሠራ። ከላይ የተናገርነው የቃሬዛው ችግር በዚህ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታ እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ ሆነ። በአሜሪካ ሄንሪ ቲምከን በ1898 ጫፉ የሾጠጠ ተንከባላይ ያለበትን ኩሽኔታ አስመዘገበ፤ ይህኛው ከላይ የሚመጣውንም ከጎን የሚመጣውንም ጭነት ስለሚችል በመኪና ጎማ ውስጥ ይገባል።

የስዊድኑ የስቬን ቪንግክቪስት ታሪክ ለእኛ ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ይህ መሐንዲስ በዩተቦሪ ከተማ በአንድ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ሸክላማ ስለ ነበረ ወለሉ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ረጃጅሞቹ ዘንጎች ይጣመሙና ኩሽኔታዎቹ እየተሰበሩ ሥራው ይቆም ነበር። ቪንግክቪስት መሬቱን ማቅናት እንደማይችል ባወቀ ጊዜ ዘንጉ ዘንበል ሲል አብሮ ዘንበል የሚል ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ ኩሽኔታ አሰበ። በዚሁ በ1907 ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። ከዚያው ቤት የወጣው «ቮልቮ» የሚለው ስም በላቲን «እሽከረከራለሁ» ማለት ነው፤ የመጀመሪያውም የቮልቮ መኪና በ1927 ወጣ። ቪንግክቪስት ኩሽኔታውን ከመሥራቱ በፊት የተቀመጠበትን ቦታ ችግር አጠና፤ እኛ ያጣነው ጥበብ ይህ ነው።

ይህ ትንሽ ዕቃ የሰው ደም እንደ ፈሰሰበትም መዘንጋት አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላንም ታንክም መድፍም ያለ ኩሽኔታ አይንቀሳቀሱም ነበርና፣ የአሜሪካ አየር ኀይል በ1943 የሽዋይንፉርትን ፋብሪካዎች ሁለት ጊዜ ደበደበ። ነሐሴ 17 ቀን ወደ ሽዋይንፉርትና ወደ ሬገንስቡርግ ከተላኩት አውሮፕላኖች 60 ቦምብ ጣዮች ሳይመለሱ ቀሩ፤ ጥቅምት 14 ቀን እንደገና ሲሄዱ ሌሎች 60 ጠፉ። በእያንዳንዱ አውሮፕላን ውስጥ ዐሥር ያህል ሰዎች ነበሩ። በከተማውም ውስጥ ሠራተኞችና ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ገለልተኛ ከነበረችው ከስዊድን ደግሞ እንግሊዞች ኩሽኔታ በፈጣን አውሮፕላን እየጫኑ በጨለማ ያመላልሱ ነበር። በጋራዥ በር ላይ ወድቆ የምናየው ብረት እንዲህ ያለ ዋጋ የተከፈለበት ነው።

ለየትኛው ሞተር የትኛው ኩሽኔታ?

ታሪኩን ካነበብን በኋላ የአመራረጡ ነገር ግልጽ ሆነልን። እያንዳንዱ ዐይነት ኩሽኔታ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ጥያቄዎቹም አራት ናቸው። ጭነቱ ምን ያህል ነው? ዘንጉ በምን ፍጥነት ይዞራል? ዘይት የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ሲሞቅስ ምን ይሆናል?

በመኪና ሞተር ውስጥ ዘይትን በፓምፕ የሚገፋ መሣሪያ ስላለ ብሮንዚና ተስማሚ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ስለ ሆነ ሙሉ ቀለበት በቀላሉ አያልፍበትም፤ ብሮንዚና ግን ለሁለት የተከፈለ በመሆኑ ከላይና ከታች ይገጠማል። ባለ ሁለት ምት በሆነው ሞተር ሳይክል ውስጥ ግን የዘይት ፓምፕ ግፊት የለም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ እንደ ጉም ይደርሳል። ብሮንዚና በዚህ ጥቂት ዘይት አይንሳፈፍም፤ ስለዚህ በቢየላው ታላቅ ጫፍ መርፌ የመሰሉ ቀጫጭን ተንከባላዮች ይገባሉ። እንደ እኛ ባለው ባለ አራት ምት ትንሽ ሞተር ደግሞ ሁለቱም ዘዴዎች ተባብረው ይገኛሉ። ክራንክ ሻፍቱ በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቢየላ ግን በተወለወለው የብረት አንጓ ላይ በቀጥታ ይዞራል፤ ከታች ያለው ትንሽ ማንኪያ የመሰለ ነገር ዘይቱን እየረጨ ያጠጣዋል። የባቢትንም የሱሪሬንም ሐሳብ በአንድ ትንሽ ሞተር ውስጥ ጎን ለጎን ማየታችን አስደሰተን።

ስለዚህ ሞተር የሚያድስ ሰው አስቀድሞ ዘንጉን ይለካ። አንጓውን በማይክሮሜትር በአንድ ወገን ለክቶ፣ ከዚያ ሩብ ዙር አዙሮ ደግሞ ይለካ፤ ሁለቱ ልክ ካልተስማሙ አንጓው እንደ እንቁላል ሆኗል ማለት ነው። በእንቁላል ቅርጽ ላይ አዲስ ብሮንዚና መግጠም ገንዘብን መጣል ነው። የመኪና ክራንክ ሻፍት ከሆነ በቶርኖ ቤት በሞራጅ መኪና ይስተካከላል፤ ከዚያም አንጓው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር ስለሚቀጥን በዚያው ልክ የወፈረ ብሮንዚና ይፈለጋል። ዘንጉን ሳይለኩ ብሮንዚና መግዛት እግርን ሳይለኩ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

ባለ ኳስ ኩሽኔታ በሚመረጥበት ጊዜ ደግሞ ቁጥሩን ማንበብ ይገባል። በ6205 መጀመሪያ ላይ ያለው 6 ባለ አንድ ረድፍ ኳስ መሆኑን ይነግራል፤ 2 የአካሉን ትልቅነት ደረጃ ያሳያል፤ 05 በ5 ሲባዛ 25 ይሆናል፤ ይህም የቀዳዳው ሚሊ ሜትር ነው። በጎኑ በላስቲክ የተሸፈነ ኩሽኔታ የራሱን ቅባት ይዞ ይኖራል፤ በሞተር ሆድ ውስጥ የሞተሩ ዘይት እንዲያጠጣው የታሰበ ቦታ ላይ ግን ክፍት የሆነው ይገባል።

አሁን ወደ ናቅነው ምልክት ደረስን። በኳሶቹና በመንገዳቸው መካከል ፋብሪካው ሆን ብሎ የሚተወው ክፍተት አለ። በዚህ መጠን ባለ ኩሽኔታ የተለመደው ክፍተት ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ «ሲ 3» የሚል ምልክት ያለበት ግን ከ13 እስከ 28 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺህኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይወፍራል። እንግዲህ እኛን ያዋረደን ልዩነት ከጠጉር ውፍረት ያነሰ ነበር። ኩሽኔታው በዘንጉ ላይ ተጠብቆ ሲገባ የውስጡ ቀለበት ጥቂት ይለጠጣል፤ ክፍተቱም ይቀንሳል። ሞተሩ ሲሞቅ የውስጡ ቀለበት ከውጩ ይልቅ ስለሚግል እንደገና ይሰፋል፤ ክፍተቱም እንደገና ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ጠባብ የነበረው የእኛ ኩሽኔታ በዚህ ጊዜ ቦታ አጣ፤ ኳሶቹ ተጨናነቁ፤ መጨናነቁ ሙቀት ወለደ፤ ሙቀቱም ይበልጥ አጨናነቃቸው። ሲበርድ እንደገና መዞሩ ለዚህ ነው። በሱቅ ውስጥ «ውዝዋዜ የለውም» ብለን ያመሰገንነው ነገር ራሱ ጥፋቱ ነበር። ይህን ስንል ግን ሰፊው ክፍተት ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን አይደለም፤ ሙቀት በሌለበትና ፍጹም ቀጥ ብሎ መዞር በሚፈለግበት ቦታ ሰፊው ይጎዳል።

ሁለተኛውን ኩሽኔታ በወላጆቻችን ገንዘብ ልንገዛ አልደፈርንም። ከግቢውና ከየቤታችን አሮጌ ብረትና ጠርሙስ ለቅመን ለቆራሌው ሸጥን፤ የጎደለውን ከኪሳችን ሞላን። በዚህ ጊዜ በወረቀት ላይ ሙሉ ቁጥሩን ከነምልክቱ ጽፈን ሄድን፤ ሻጩንም ምልክቱ ያለበትን እስኪያገኝልን ድረስ ታግሠን ጠበቅነው። ስንገጥመውም በመዶሻ አልደበደብነውም። የሞተሩን አካል አሙቀን ቀዳዳው ሲሰፋ ኩሽኔታውን በእጃችን አስገባነው፤ በዘንጉ ላይ ስንገፋውም የገፋነው በውስጠኛው ቀለበት ላይ እንጂ በውጨኛው ላይ አይደለም፤ ምቱ በኳሶቹ በኩል ካለፈ በመንገዳቸው ላይ ጠባሳ ይተዋልና። ሞተሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ጊዜ ያህል ዝም አላለም፤ ጥቂት ይሰማል፤ ነገር ግን በሞቀ ጊዜ ድምፁ አልተለወጠም። ይህን የጻፍንበት ቀን ድረስ ውሃውን እየሳበ ነው፤ ችግኞቹም ደርሰዋል።

ታናናሾቻችን ሆይ፣ በእጃችሁ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ትንሽ ቢመስል እንኳ ብዙ ሰው ያሰበበትና የደከመበት መሆኑን አስታውሱ። በላዩ የተጻፈው ምልክት ከእናንተ በፊት የተሳሳተ ሰው የተወው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና ሳታነብቡ አትለፉት። ወላጆቻችን ሆይ፣ የሰጣችሁን ገንዘብ በከንቱ አልቀረም፤ የመጀመሪያው ኩሽኔታ ሞተሩን ባያሽከረክርም እኛን አስተምሮናል። ከተበላሹት ሁለት ኩሽኔታዎች አንደኛው በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ከነቁጥሩ ተሰቅሏል፤ የሚገባ ተማሪ ሁሉ እንዲያየው መምህራችን አዘዋል። ሁለተኛውን ውሃ ላመላለሱት ልጆች ሰጠናቸው፤ በሳንቃ ላይ ገጥመው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ጩኸቱ እስከ ክፍላችን ድረስ ይሰማል።